ስዋሂሊን በአማርኛ ጆሮ መማር፦ ደረጃ በደረጃ

ኤምፔሳ ከፍታችሁ ብር ስትልኩ ስዋሂሊ አፋችሁ ውስጥ አለ። ‹ፔሳ› ገንዘብ ነው። ሳፋሪኮም ላይ ያለው ‹ሳፋሪ› ደግሞ ጉዞ ነው። የኡሁሩ ኬንያታን ስም በዜና ከሰማችሁ ‹ነጻነት› የሚለውንም ቃል ታውቁታላችሁ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ናይሮቢ ሄዶ ለሚሠራ፣ ዳሬሰላም ዕቃ ለሚያስጭን፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ከኬንያ ልጆች ጋር አንድ ቤት ለሚውል ሰው ነው። ፈተና ለማለፍ አይደለም። ሰላም ብሎ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ ትንሽም ቀልዶ ለመመለስ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ለፈረንጅ የተጻፈ የስዋሂሊ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥ አማርኛ ተናጋሪ ያለ ነገር ይደክማል። መጽሐፉ እኛ ከእናታችን ጋር የጠጣነውን ነገር ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ያስረዳል። እኛን የሚያስቸግረንን ግን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ስለዚህ እዚህ ከአማርኛ ተነስተን እንሂድ።

ቃላቱን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስዋሂሊ ራሱ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እንደተጻፈ ስለሚነበብ ግን ብዙ አያስቸግርም።

1. የማንን ስዋሂሊ እንደምትፈልጉ ወስኑ

የቋንቋው ቤት የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው፦ ላሙ፣ ሞምባሳ፣ ዛንዚባር፣ ኪልዋ። ስሙም የመጣው ‹ጠረፎች› ከሚለው የዓረብኛ ቃል ነው። የጠረፉ ሰዎች ዋስዋሂሊ ይባላሉ። ዛሬ ግን አብዛኛው ተናጋሪ የጠረፍ ሰው አይደለም። ዩኔስኮ ተናጋሪዎቹን ከ200 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል። አብዛኞቹ ቤታቸው ኪኩዩ፣ ሉኦ፣ ሱኩማ ወይም ሌላ ቋንቋ እየተናገሩ አድገው ስዋሂሊን ከትምህርት ቤትና ከገበያ የያዙ ናቸው። ታንዛንያ ብቻዋን ከ120 በላይ ብሔረሰቦች አሏት። ይህ ለተማሪ ጥሩ ዜና ነው። የምታወሩት ሰው ራሱ ተምሮ የያዘው ስለሆነ ስትንተባተቡ አይገርመውም።

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። የታንዛንያው ጠራ ያለና ትሕትና የበዛበት ነው። መደበኛው ስዋሂሊም የተመሠረተው በዛንዚባር ከተማ አነጋገር ላይ ነው። የናይሮቢው ከእንግሊዝኛ ጋር ይደባለቃል፤ ወጣቱ ደግሞ ሸንግ የሚባል የራሱ የአራዳ ቋንቋ አለው። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ኮንጎ፣ ጎማና ሉቡምባሺ አካባቢ፣ ፈረንሳይኛ የነካው ሌላ መልክ አለ።

ናይሮቢ ብትሄዱም በታንዛንያው ጀምሩ ባይ ነኝ። የዳሬሰላሙን ይዞ ናይሮቢ የሚገባ ሰው ቢበዛ ‹ጨዋ ነው› ይባላል። ሸንግ ይዞ ዛንዚባር ሽማግሌ ፊት የሚቆም ግን ያፍራል።

2. አፋችሁን አስተካክሉ

ስዋሂሊ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው። በፊደላችን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ናቸው። የግዕዙ ‹ኧ› የለም። የሳድሱ ‹እ›ም የለም። ስለዚህ ‹በጣም› ለማለት ‹ሳና› እንጂ ‹ሰና› አይባልም። አፋችን በልማድ ወደ ግዕዙ ስለሚሮጥ ራብዑን ከፈት አድርጉት። የመጨረሻውን አናባቢ ደግሞ አትዋጡት፤ ‹ካሪቡ› ነው እንጂ ‹ካሪብ› አይደለም።

ጥብቀት የለም። እኛ ‹አለ›ንና ‹አለ›ን በጥብቀት እንለያለን፤ እነሱ ጋ ሁሉም ላላ ይላል። ቅ፣ ጥ፣ ጭ፣ ጵም የሉም። ጫናው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጨረሻው በፊት ባለው ላይ ያርፋል፦ ካ-ሪ-ቡ ሲባል ‹ሪ› ላይ።

አንድ የሚያስቸግር አለ። ‹ሰው› ምቱ ይባላል። ‹ም› ብቻዋን፣ ያለ አናባቢ፣ ከንፈር ተገጥሞ ትሰማና ‹ቱ› ይከተላል። ‹እምቱ› አይደለም፤ ‹ሙቱ›ም አይደለም። ‹እምም› ብላችሁ እንደምትስማሙት ከንፈራችሁን ግጠሙና ‹ቱ› በሉ።

3. ሰላምታ ላይ አትቸኩሉ

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ቤቱ ነው። ‹እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራስ› እያለ ያደገ ሰው የስዋሂሊ ሰላምታ አይረዝምበትም።

በዕድሜ ለሚበልጣችሁ፣ በተለይ ታንዛንያ፣ መጀመሪያ የምትሉት ‹ሺካሞ› ነው። ሽማግሌው ‹ማራሃባ› ብለው ይቀበላሉ። ለእኩያ ወይም ለታናሽ አይባልም፤ አንዳንዱ ‹አስረጀኸኝ› ብሎ ይስቃል። ናይሮቢ ላይ እምብዛም አትሰሙትም። ዳሬሰላም ግን ዝም ብሎ ያለፈ ወጣት ባለጌ ነው።

ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። ‹ሃባሪ› ማለት ወሬ ነው። ‹ሃባሪ ዛ አሱቡሂ?› የጠዋቱ፣ ‹ሃባሪ ዛ ካዚ?› የሥራው፣ ‹ሃባሪ ዛ ኙምባኒ?› የቤቱ፣ ‹ሃባሪ ዛ ዋቶቶ?› የልጆቹ። መልሱ ለሁሉም ‹ንዙሪ› ነው፤ ጥሩ። ታማችሁም ከሆነ መጀመሪያ ‹ንዙሪ› ትላላችሁ፣ ከዚያ ትነግራላችሁ። ‹ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ካልን በኋላ ነው እኛም ወገባችንን የምናነሳው።

‹ጃምቦ› የሚለውን ለቱሪስት ተዉት። ትክክለኛው ‹ሁጃምቦ?› ነው፣ መልሱም ‹ሲጃምቦ›። ከወጣት ጋር ‹ማምቦ?› ስትባሉ ‹ፖአ› በሉ፤ ናይሮቢ ‹ሳሳ?› ይሏችኋል፣ መልሱ ያው ፖአ ነው።

አጠራር ላይም ተጠንቀቁ። ትልቅ ሴት ‹ማማ›፣ ትልቅ ሰው ‹ምዜ› ወይም ‹ባባ›፣ እኩያ ሴት ‹ዳዳ›፣ እኩያ ወንድ ‹ካካ› ይባላሉ። ‹ካካ› ብለው ሲጠሯችሁ አትሳቁ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። ልጅ ያላት ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ልጇ አሻ ከሆነች ‹ማማ አሻ› ናት። በባዶ ስሟ መጥራት ድፍረት ነው።

ሌሎች ሁለት ቃላት ብዙ ያሠሯችኋል። አንዱ ‹ፖሌ› ነው። ሰው ሲደናቀፍ እኛ ‹እኔን!› የምንለው እነሱ ጋ ‹ፖሌ!› ነው። ለታመመም፣ ላዘነም፣ ወረፋ ላይ ለተጉላላም ይባላል። ታንዛንያ ውስጥ ጠንክሮ የሚሠራ ሰው አጠገብ ስታልፉ ‹ፖሌ ና ካዚ› ትላላችሁ። ሌላው ‹ሆዲ› ነው። ሰው ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› እንደማለት ነው። ከውስጥ ‹ካሪቡ› እስኪባል ደጅ ይቆማል፤ በሩ ክፍት ቢሆንም።

ስትለምኑ ‹ናታካ› (እፈልጋለሁ) አትበሉ። ‹ናኦምባ ማጂ› በሉ፤ ውሃ እለምናለሁ እንደማለት ነው። ሻይ ቤትም፣ ቢሮም፣ ሱቅም ይሠራል።

4. ግሱን ፍቱት

የቃላት ዝርዝር መሸምደዱን ለጊዜው ተዉት። ጊዜያችሁን ግስ ላይ አውሉት፤ እዚህ ነው አማርኛችሁ ወለድ የሚከፍላችሁ።

‹እወድሃለሁ› በአማርኛ አንድ ቃል ነው። ወዳጁም፣ ተወዳጁም፣ ጊዜውም ውስጡ አሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሲያይ ራሱን ይይዛል። ስዋሂሊም እንዲሁ ነው፦ ኒናኩፔንዳ። ቁረጡት፦ ኒ (እኔ)፣ ና (አሁን)፣ ኩ (አንተን ወይም አንቺን)፣ ፔንዳ (መውደድ)። ደግሞ ከአማርኛ የሚቀለው፣ ሁሉም በየተራው ተሰልፎ ይመጣል፤ ምንም አይለዋወጥም።

ሠሪዎቹ ስድስት ናቸው፦ ኒ (እኔ)፣ ኡ (አንተ፣ አንቺ)፣ አ (እሱ፣ እሷ)፣ ቱ (እኛ)፣ ም (እናንተ)፣ ዋ (እነሱ)። ልብ በሉ፣ ወንድና ሴት አይለይም። ‹ና› እና ‹ነይ› ብሎ መጨነቅ የለም።

ጊዜዎቹ አራት ይበቋችኋል፦ ና (አሁን)፣ ሊ (ያለፈ)፣ ታ (የሚመጣ)፣ ሜ (ያለቀና ውጤቱ ያለ)። ‹ሶማ› ማንበብም መማርም ነው። ኒናሶማ፣ አነባለሁ። አሊሶማ፣ አነበበ ወይም አነበበች። ቱታሶማ፣ እናነባለን። ዋሜሶማ፣ አንብበዋል።

አሁን ተደራጊውን አስገቡ። አሊኒሳይዲያ፣ ረዳኝ። ኒሊምዎና፣ አየሁት ወይም አየኋት። ኒታኩፒጊያ ሲሙ፣ ስልክ እደውልልሃለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ጠጋ ብላችሁ እዩዋት። ‹ፒጋ› መምታት ነው፤ እኛ ታይፕ እንደምንመታው እነሱ ስልክ ይመታሉ። ‹ፒጊያ› ላይ የገባችው ‹ኢ› የእኛ ‹-ል-› ናት፤ እደውል-ል-ሃለሁ። መጽሐፎቹ ይህን ለማስረዳት ገጽ ሲፈጁ እናንተ አንድ ጊዜ ሰምታችሁ ታልፉታላችሁ።

ሌሎቹም እርባታዎች እንዲሁ ናቸው። ፔንዳ፣ ፔንድዋ፣ ፔንዳና፤ ወደደ፣ ተወደደ፣ ተዋደደ። ሶማ፣ ሶሜሻ፤ ተማረ፣ አስተማረ። ሩዲ፣ ሩዲሻ፤ ተመለሰ፣ መለሰ። ልዩነቱ እኛ ከፊት እንቀጥላለን፣ እነሱ ከኋላ።

አፍራሹም አይከብድም። እኛ ‹አል-…-ም› ብለን ግሱን ከሁለት ወገን እንይዘዋለን። እነሱም ከፊት ‹ሃ› ከኋላ ‹ኢ› ያደርጋሉ፦ ሃሶሚ፣ አያነብም። ሃቱሶሚ፣ አናነብም። ሃዋሶሚ፣ አያነቡም። እኔ ስል ግን ‹ሲሶሚ›፣ አንተ ስል ‹ሁሶሚ› ነው። ላለፈው ‹ሲኩሶማ›፣ አላነበብኩም። ‹ገና ነኝ› ለማለት ‹ሲጃሶማ›፣ ገና አላነበብኩም።

ይህች ‹ገና› ብዙ ትፈለጋለች። ከተዋወቃችሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትዳር ትጠየቃላችሁ። ወንዱን ‹ኡሜኦአ?› ሴቷን ‹ኡሜኦሌዋ?› ይላሉ። እሱ አገባ፣ እሷ ተገባች እንደማለት ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ፣ ሳቅ ታስነሳላችሁ። ካላገባችሁ መልሱ ‹ባዶ› ነው። ባዶ ማለት ገና ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ‹ባዶ› ብትባሉም ዕቃው አላለቀም፤ ገና አልደረሰም።

አንድ ማስታወሻ፦ አጫጭር ግሶች በእነዚያ አራት ጊዜዎች ‹ኩ›ን (የእኛን ‹መ-›) አይለቁም። መብላት ‹ኩላ›፣ መምጣት ‹ኩጃ› ነው። ኒናኩላ፣ ኒናኩጃ ይባላል።

በቀን አንድ ግስ ውሰዱ። ‹ፒካ› (ማብሰል) ይሁን። ምድጃ ፊት ቆማችሁ ኒናፒካ፣ ኒሊፒካ፣ ኒታፒካ፣ ኒሜፒካ፣ ሲፒኪ፣ ሲኩፒካ፣ ሲጃፒካ በሉ። ከዚያ ‹ኒ›ን በ‹አ›፣ በ‹ቱ›፣ በ‹ዋ› እየለወጣችሁ ድገሙት። ድምፅ አውጡ። በዓይን የተማረ ስዋሂሊ ገበያ ላይ ይጠፋል።

5. አረፍተ ነገሩን ገልብጡት

እኛ ግሱን መጨረሻ እናስቀምጣለን፤ እነሱ መሐል። ‹እኔ ውሃ እፈልጋለሁ› ሳይሆን ‹እፈልጋለሁ ውሃ›፦ ናታካ ማጂ። ቅጽልም ከስም በኋላ ይመጣል፦ ምቶቶ ምዙሪ፣ ልጅ ጥሩ። ‹የ› የሚለውም ይገለበጣል፦ ኪታቡ ቻ ምቶቶ፣ መጽሐፍ የልጅ። ሌላ ምስጢር የለውም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ያደናግራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

6. ሰዓቱንና ገንዘቡን ያዙ

ሰዓት ላይ ዕድለኞች ናችሁ። ስዋሂሊ እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣት ይቆጥራል። ‹ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ› ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ልክ የእኛው ሁለት ሰዓት። ‹ሳአ ንኔ ና ኑሱ› አራት ሰዓት ተኩል። ‹ሳአ ታቱ ካሶሮ ሮቦ› ለሦስት ሩብ ጉዳይ፤ ‹ካሶሮ› የእኛ ‹ጉዳይ› ናት። ፈረንጁ ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ እናንተ ሻይ ትጠጣላችሁ።

ወጥመዱ ናይሮቢ ላይ ነው። እዚያ ሰው ቋንቋ እየቀላቀለ ያወራል። ደንቡ ይህ ነው፦ ቁጥሩ በስዋሂሊ ከተጠራ በእኛ ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ከተጠራ በፈረንጅ ሰዓት ነው። የአውቶቡስ ትኬት ላይ የታተመውን ግን ደግማችሁ ጠይቁ።

የቀናቱ ስም ደግሞ የሚቆጠረው ከዓርብ በኋላ ነው። ጁማሞሲ ቅዳሜ፣ ጁማፒሊ እሑድ፣ ጁማታቱ ሰኞ፣ ጁማንኔ ማክሰኞ፣ ጁማታኖ ረቡዕ ናቸው። ሐሙስ አልሃሚሲ፣ ዓርብ ኢጁማአ ነው። ‹ታኖ› አምስት ስለሆነ ‹ጁማታኖ›ን ዓርብ ነው ብሎ ቀጠሮ የሚያበላሽ ሞልቷል።

ቁጥር፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ። ሁለት ቦታ ጆሯችሁ ይሸውዳችኋል። ‹ሳባ› 7 ነው፤ 70 ‹ሳቢኒ› ነው። ‹ኤልፉ› ደግሞ 1,000 ነው፤ የእኛ እልፍ 10,000 ስለሆነ አትደንግጡ። ‹ኤልፉ ኩሚ› ሲሏችሁ አሥር ሺህ ሽልንግ ነው።

ገበያ ላይ ‹ቤይ ጋኒ?› ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ። ‹ጋሊ ሳና›፣ በጣም ውድ ነው። ‹ናኦምባ ኡፑንጉዜ ኪዶጎ፣ ማማ›፣ ትንሽ ቢቀንሱልኝ። ካልሆነ ‹ሲና ፔሳ›፣ ገንዘብ የለኝም። ሰላምታ ሳትሰጡ ዋጋ ብትጠይቁ ግን ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። በእኛ ገበያም ያው ነው።

ታክሲ ናይሮቢ ማታቱ፣ ዳሬሰላም ዳላዳላ ነው። ባጃጅ ዳሬሰላምም ባጃጂ ናት። ረዳቱ ‹ኮንዳ› ይባላል። መውረጃችሁ ሲደርስ ‹ኒሹሼ ሃፓ›፣ እዚህ አውርደኝ።

7. አሁን ወደ ከባዱ፦ የስም ቤተሰቦች

እስካሁን አማርኛ አግዟችኋል። እዚህ ይተዋችኋል። ስዋሂሊ ስሞችን በቤተሰብ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ቅጽሉን፣ ቁጥሩንም፣ ግሱንም ያዛል። እኛ ‹ቆንጆዋ ልጅ መጣች› ስንል ሴትነቱ ግሱ ላይ እንደሚታየው ነው፤ እነሱ ጋ ግን ብዙ ቤተሰብ አለ።

አንዱን ሙሉ እንየው። ኪታቡ ኪዙሪ ኪሞጃ ኪሜአንጉካ፤ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ወድቋል። ሲበዛ፣ ቪታቡ ቪዙሪ ቪዊሊ ቪሜአንጉካ፤ ሁለት ጥሩ መጽሐፎች ወድቀዋል። ‹ኪ› በሙሉ ‹ቪ› ሆነ። የሚገርመው ‹ኪታቡ› ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው። ‹ኪ› የራሱ ሥር ነበረች፤ ስዋሂሊ ግን የቤተሰብ ምልክት አድርጎ ወሰዳት።

ሁሉንም ባንዴ አትያዙ። መጀመሪያ የሰውን ቤት፦ ምቱ ዋቱ፣ ምቶቶ ዋቶቶ። ከዚያ የ‹ኪ›ን፦ ኪቲ ቪቲ (ወንበር፣ ወንበሮች)። እነዚህን ሁለቱን በደንብ ካወቃችሁ በኋላ የማይለወጡትን፦ ኙምባ፣ አንድም ቤት ብዙም ቤት። ከዚያ ቱንዳ ማቱንዳ (ፍሬ፣ ፍሬዎች)፣ በመጨረሻ ምቲ ሚቲ (ዛፍ፣ ዛፎች)። እንስሳ ከየትኛውም ቤት ቢመጣ ግሱ የሰውን ቤት ይከተላል።

ስም ስትጽፉ ነጠላና ብዙውን ባንድ ላይ ጻፉ። ይህን ካላደረጋችሁ ቆይቶ ማረም አበሳ ነው። ናይሮቢ ላይ ብዙ ሰው ስምምነቱን ያፋልሳል፤ ብትሳሳቱም ትገባባላችሁ።

ይህ የቤተሰብ ነገር አንድ ደስ የሚል ጥቅም አለው። ‹ም› ሰው፣ ‹ዋ› ሰዎች፣ ‹ኪ› ቋንቋ፣ ‹ኡ› አገር ያወጣል። ምስዋሂሊ፣ ዋስዋሂሊ፣ ኪስዋሂሊ። እኛም በዚሁ ምሃበሺ፣ ዋሃበሺ፣ አገራችን ኡሃበሺ ትባላለች። አማርኛ ደግሞ ኪአምሃሪ ነው። ‹ኡናቶካ ዋፒ?› ከየት ነህ? ሲሏችሁ ‹ናቶካ ኢትዮፒያ› በሉ፤ ወሬው ራሱ ይቀጥላል።

8. ሰው ፈልጉ፣ ሬዲዮም ክፈቱ

ዶይቼ ቬለና ቢቢሲ በአማርኛም በስዋሂሊም ይዘግባሉ። አንድ ትልቅ ዜና በአማርኛ አንብቡ፣ ከዚያ ያንኑ ዜና በስዋሂሊ ፈልጉ። ስሞቹንና ቁጥሮቹን ስለምታውቋቸው ግሶቹ ጎልተው ይታያሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ነጻ መምህር አላየሁም። በቃል የምታውቁትን ጸሎትም እንዲሁ አድርጉ። ‹አባታችን ሆይ› የሚጀምረው ‹ባባ ዬቱ› ብሎ ነው፤ ቀሪውን ማን ይነግራችኋል፣ ታውቁታላችሁ።

ሙዚቃ ለጆሮ ጥሩ ነው። ቦንጎ ፍላቫ የዳሬሰላም ወጣቶች ዘፈን ነው፣ አነጋገሩ ፈጣን ነው። ታራብ የጠረፉ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ቃሉም ጠራ ብሎ ይሰማል። ለጀማሪ ታራብ ይሻላል።

ሰው ማግኘት አዲስ አበባ ላይም ይቻላል። የአፍሪካ ኅብረት ስዋሂሊን በየካቲት 2022 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሥራ ቋንቋ አድርጎ ተቀብሏል። ዓረብ አገር ያላችሁ ደግሞ የኬንያና የታንዛንያ ሴቶች አጠገባችሁ አሉ። ኦማን ካላችሁ ጎረቤቱንም ጠይቁ። የኦማን ሱልጣን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንበሩን ወደ ዛንዚባር አዛውሮ ነበር፤ ከ1964ቱ የዛንዚባር አብዮት በኋላም ብዙዎች ወደ ኦማን ተመልሰዋል። ስለዚህ ሙስካት ላይ ስዋሂሊ ቤታቸው የሚያወሩ ኦማናውያን አሉ። ‹ሺካሞ› ብትሏቸው ፊታቸው ላይ ታዩታላችሁ።

ጓደኛ ስታገኙ የድምፅ መልእክት ተለዋወጡ። አጭር ይሁን፦ ዛሬ ያበሰላችሁትን፣ የሄዳችሁበትን፣ ያልጨረሳችሁትን። ስትሳሳቱ እንዲያርሟችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ‹ኒሳሂሂሼ, ታፋዳሊ›። አለበለዚያ ጨዋ ስለሆኑ ዝም ይላሉ፣ እናንተም ስህተቱን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።